ተረፈ ማን?

ቤዛ ገብሩ ታሪክ የሚባል ትምህርት ሲነሳ ያዛጋት ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለች ያስተማሯት ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ መምህር ነበሩ። ገና ከበሩ ሲገቡ ዓመተ ምሕረት በዓመተ ምሕረት ላይ ይደረድሩና፣ ማን ማንን ተክቶ ነገሠ ብለው ይጠይቁና፣ ያልመለሰውን ቆሞ እንዲማር ያደርጉ ነበር። ቤዛ አብዛኛውን ታሪክ የተማረችው ቆማ ነው። ኋላ ሆቴል ማኔጅመንት ለምን እንደመረጠች ለጠየቃት ሁሉ "ዓመተ ምሕረት ስለሌለበት" ትል ነበር፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ግን እውነቷን ነው።

እንግዲህ ይህችው ቤዛ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ያውም ዱባይ ላይ፣ ኮሮና ዓለሙን ሁሉ ቤቱ ባስቀመጠበት ዘመን የሞተ ሰው ስም ፍለጋ ምግብ ያስረሳታል ብሎ የገመተ ማንም አልነበረም። እሷም አልገመተችም።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። ከአል ሪጋ ዋና መንገድ ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት በቤዛ ስም የተከራየ ነው። የራሱ መታጠቢያ ያለውን ትልቁን ክፍል ለራሷ ይዛ ሌላውን በቤድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ በአልጋ፣ አከራይታዋለች። አንዱ አልጋ የሊሊ ነው፤ ሊሊ ገንዘብ መላኪያ ቤት መስኮት ላይ የምትሠራ፣ አፏ የማያርፍ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አንዱ የትዕግስት ነው፤ የጎጃም ልጅ፣ ሻርጃ ውስጥ የሴቶች ጸጉር ሠሪ። ሦስተኛው አልጋ የከበቡሽ ሲሆን፣ ከበቡሽ የምትተኛበት ግን ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። እሷ አጅማን፣ አል ጁርፍ፣ ማዳም ቤት ነው የምትሠራው። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ስትባክን ሰንብታ፣ በዕረፍት ቀኗ "ቤቴ ልሂድ" ብላ የምትመጣበት አንድ አልጋ እንዲኖራት ትከፍላለች። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ግን ማዳም ከግቢ እንዳትወጣ ስለከለከለቻት፣ አልጋው ላይ የሚተኛው ሻንጣዋ ብቻ ነበር።

አንድ ዓርብ ሦስቱ ሴቶች ፊልሙም ወሬውም አልቆባቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ትዕግስት ዘሯን መቁጠር ጀመረች። ከአባቷ ተነስታ አንድም ጊዜ ሳትደናቀፍ ሰባተኛው ላይ ደረሰችና ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ዙሪያዋን አየች። ሊሊ ቀጠለች፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ ጠፋት።

"ከዚህ በላይ ያሉት ዳያስፖራ ናቸው፤ አላውቃቸውም" አለች።

ሳቁ በረድ ሲል ተራው የቤዛ ሆነ። "ቤዛ ገብሩ ተረፈ ወልዴ" አለችና ቆመች።

"ወልዴ ማን?" አለች ትዕግስት።

"ወልዴ... ወልዴ ነዋ!"

"ጉድ እኮ ነው!" አለች ሊሊ። "ሰው ሁሉ ሚስ ተረፈ፣ ሚስ ተረፈ ይልሻል፤ የሚስ ተረፈ ዘር ግን አንድ ሰው ላይ አለቀ። ወልዴ ከሰማይ ነው የወረደው?"

እውነት ነው፤ በምትሠራበት ሆቴል የሚጠሯት በፓስፖርቷ መጨረሻ ላይ ባለው በአያቷ ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን "ሚስ ተረፈ" ሲሏት አያቷ ከኋላዋ የቆሙ እየመሰላት ዞር ትል ነበር። ስሙን ሕፃን ሆናም አትወደውም ነበር፤ የሰፈር ልጆች "ትርፍራፊ" እያሉ አስለቅሰዋታል። ያን ዕለት ግን ከሊሊ ቀልድ በኋላ አንድ ጥያቄ ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ። የሰው ዘር እንዴት አንድ ስም ላይ ሲደርስ ቆርጦ ይቀራል?

በማግስቱ ለአባቷ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ላከች፤ ዱባይ ላይ በዋትሳፕ መደወል ስለማይቻል ሐበሻው ሁሉ የሚነጋገረው ድምፅ እየቀረጸ ነው። አቶ ገብሩ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ቢጠየቁ ግማሽ ሰዓት የሚያወሩ ሰው ናቸው። ለዚህ ግን የላኩት መልስ ገና ሲሰሙት ያልቃል።

"ወልዴ ነው። ከዚያ ወዲያ አይታወቅም። ደግሞ ምን አስነሳሽ? ይልቅ ጭምብልሽን አድርጊ።"

ቤዛ መልእክቱን ደጋግማ ሰማችው። አባቷ አንድ ነገር ሲደብቁ ድምፃቸው እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ይላል፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። አሁን ነገሩ የጨዋታ መሆኑ ቀረ። ደስ ደስም አላት፤ ሆቴሉ በወረርሽኙ ሳቢያ ያለደመወዝ ካስቀመጣት ወዲህ ልቧ እንዲህ ለአንድ ነገር ቆሞ አያውቅም።

የሚጠየቅ አንድ ሰው ቀርቷል፤ የአባቷ ታላቅ እህት፣ እትዬ ምሕረት። ከቴሌ ጡረታ የወጡ፣ ጉለሌ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከአባቷ ጋር አያቷ ከተቀበሩበት ዓመት ጀምሮ ተኳርፈዋል፤ በምን እንደሆነ ለልጆች የነገረ የለም። ቤዛ እንደምንም ሰላምታውን አሳጥራ "እትዬ፣ የወልዴ አባት ማን ይባላሉ?" ብላ ላከችላቸው።

መልሱ የመጣው ክሪክ የሚሉት የባሕር ወሽመጥ ዳር ስትሄድ ነው። ወበቁ ከጭምብሉ ጋር ተዳምሮ ትንፋሽ ያሳጥራል። ወደ አፍሪካ የሚሄዱት የእንጨት ጀልባዎች ማቀዝቀዣና ጎማ ተከምሮባቸው ቆመዋል፤ አብራ የሚባሉት ትንንሾቹ ጀልባዎች መቀመጫ እያዘለሉ ጥቂት ጥቂት ሰው ያሻግራሉ። ቤዛ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

"ቤዛዬ፣ ወልዴ የሚባል ሰው የለም" ይላሉ እትዬ ምሕረት። "ድሮም አልነበረም። ወልዴን የወለደው አባትሽ ነው፤ ያውም አባባ በሞቱ ጊዜ፣ ለመቃብራቸው ድንጋይ ሲያሠራ። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ተረፈ ውዴ ነበሩ። ውዴ ደግሞ ሴት ናቸው። አባትሽ አንድ ፊደል ጨምሮ አንዲት ሴት ቀነሰ። እማማ ውዴ ማን እንደሆኑ ለመንገር የኅዳር በሽታን ማንሳት አለብኝ፤ እሱ ደግሞ ረጅም ነው። አሁን ጉልበቴን አሞኛል፤ ነገ ቁጭ ብዬ እልክልሻለሁ።"

ቤዛ ባለችበት ቀጥ አለች። ከኋላዋ የሚመጣ አንድ ሸክም ያዘለ ሰውዬ ሊገጫት ምንም አልቀረውም፤ ተቆጥቶ አልፏት ሄደ። ወንድ ልጅ በሴት ስም? አባቱ ያልታወቀ እንኳ ቢሆን በእናት አባት ይጠራል እንጂ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። የኅዳር በሽታስ ከዚህ ምን አገባው?

የኅዳርን ነገር ጭሱን ታውቀዋለች። በየዓመቱ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። እሷና ጓደኞቿ የጎረቤት አሮጌ ጫማ ሳይቀር እየሰረቁ እሳቱ ላይ ይጥሉ ነበር። ለምን እንደሚታጠን ግን ጠይቃ አታውቅም። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ስልኳ ላይ ስታነብ ዋለች። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ጉንፋን አዲስ አበባም ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል እንደረገፈ፣ ቀባሪ እንደታጣ፣ ጭሱም የዚያ መታሰቢያ እንደሆነ አነበበች። ጋሽ ሽብሩ ይህን ነግረዋቸው ይሆን? ምናልባት ነግረዋል። ምናልባት እሷ ቆማ ስለነበር እግሯን እንጂ ሌላውን አልሰማችም።

በነጋታው የእትዬ ምሕረት መልእክት አልመጣም። በበነጋታውም አልመጣም። አዲስ አበባ ኢንተርኔት ተቋርጧል ተባለ፤ ቤዛ "እትዬ፣ ምነው ጠፉ?" ብላ የላከችው ጎኑ ላይ አንዲት ምልክት ብቻ ይዞ ቀረ። መላው ሐበሻ ስለ ቤተሰቡ ተጨንቆ ነበር፤ እሷም ተጨንቃለች። ጭንቀቷ ውስጥ ግን ያቺ ውዴ የምትባል ሴት አለች። እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ስለ ሞተ ሰው በማሰቧ አፈረች፤ ማሰቡን ግን አልተወችም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ የምሥራች መጣ። ዱባይ ለቱሪስት ልትከፈት ነው፤ ሆቴሉ ከሸኛቸው ሠራተኞች ጥቂቶቹን መልሶ ሲጠራ የቤዛ ስም ከእነሱ ውስጥ ተገኘ። እሑድ ከቫይረሱ ነፃ መሆኗን የሚያሳይ ምርመራ ይዛ እንድትገባ ተነገራት። ያለደመወዝ የተቀመጠችበት ጊዜ ተሟጥጦ ቪዛዋም አፋፍ ላይ ስለነበር፣ ይህን ዕድል ካጣች ወደ አገር ከመመለስ ሌላ መንገድ የላትም። ዩኒፎርሟን አውጥታ ተኮሰች፣ ሰቀለች፣ አሁንም አሁንም እየሄደች ታየዋለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የበሩ ደወል ጮኸ። ቤዛ በቀዳዳው ስታይ ከበቡሽ ናት። የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ከበሩ ርቃ፣ ሊፍቱ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ቤዛ በሩን በደስታ ከፈተችው።

"ከቡ! በረቡዕ?"

"አትቅረቢኝ፣ ቤዛዬ" አለች ከበቡሽ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። "ትንሽ ትኩሳት ብጤ ይዞኛል። ማዳም ሳሌን ስትሰማ ጊዜ 'ኸላስ፣ ቤት ውስጥ ሽማግሌ አለብኝ' ብላ ታክሲ ጠራችልኝ። እንጃ፣ የት ልሂድ? አልጋዬ ላይ ጥቅልል ብዬ ልተኛ ብዬ ነው።"

ሊሊ ከጀርባ ሰማች። "ዋላሂ አትገባም!" አለች፤ ከዚያ የራሷ ድምፅ አስደነገጣትና ዝቅ አደረገችው። "ቤዛ፣ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። እናቴ ኩላሊቷን የምትታጠበው እኔ በምልከው ነው። ሹግሌን፣ ሥራዬን ካጣሁ ሙሽኪላው የእኔ ብቻ አይደለም። ደግሞ አንቺ እሑድ ሥራ ትገቢ የለም እንዴ? ዘበኛው ናጡር ሰምቶ ለባለቤቱ ቢነግርስ? ሁላችንንም ነው የሚያስወጣን።"

ሊሊ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ውሉ በቤዛ ስም ስለሆነ ሊሊም ትዕግስትም ዓይናቸውን እሷ ላይ ጣሉ።

"ከቡዬ፣ አንድ ጊዜ ቆይ፤ እንነጋገርበት" አለች ቤዛ። አንድ ጠርሙስ ውሃ ደፉ ላይ አስቀመጠችና በሩን ዘጋችው። ልብ በሉ፤ ሰው በር ዘግቶ ሲያስብ ግማሹን ወስኗል ማለት ነው፣ ይህን ራሷም አላጣችውም።

ክፍሏ ገባች። ዩኒፎርሙ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሰው ሲጨነቅ የሚሸሽበት አያጣም፤ አንዱ ወደ ጸሎት፣ አንዱ ወደ እንቅልፍ ይሸሻል። ቤዛ ወደ 1911 ዓ.ም. ሸሸች። የስልክ ካርድ ሞላችና በመደበኛው የስልክ መስመር ጉለሌ ደወለች።

"አቤት!" አሉ እትዬ ምሕረት፤ የድሮው የቴሌ ድምፃቸው ጥርት ብሎ መጣ። "አለን፣ ደኅና ነን። የተዘጋው ኢንተርኔቱ ነው እንጂ ስልኩማ የእኛ የጡረተኞቹ ነው።"

"እትዬ፣ ውዴ ማን ናቸው?"

"ሰላምታም የለ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "እማማ ውዴ የቤቱ ገረድ ነበሩ።"

ቤዛ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ከመንዝ የመጡ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ" ቀጠሉ እትዬ ምሕረት። "ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት፤ እኔንም ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቤቱ የነጋዴ ቤት ነበር፤ ሦስት ልጆች፣ ትንሹ አባባ፣ ገና የሚድሁ። ያ በሽታ ሲገባ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ የወደቀችው ውዴ ናት። ከገበያ ይዛው መጣች ተባለ። ጌትየው፣ የአባባ ወላጅ አባት ማለት ነው፣ ከደጅ ትውጣ አሉ። ደግሞ አትፍረጂባቸው፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነበር። እመቤቲቱ ግን እምቢ አሉ። 'እኔ ቤት ታማ ደጅ አትወድቅም' ብለው ጓዳ አስተኟት። በገዛ እጃቸው አጥሚት እየጋቱ አስታመሟት። ዳነች።"

"እመቤቲቱ... ቅድመ አያቴ?"

"አዎን፣ ቅድመ አያትሽ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እመቤቲቱ ታመሙ። ሞቱ። ጌትየው ተከተሉ። ሁለቱ ትልልቆቹም። ዘመድ የተባለው ከከተማ ሸሽቷል። ውዴን ግን አንዴ ታማ ስለተነሳች መልሶ አልያዛትም። አስታማሚም እሷ፣ ገናዥም እሷ። ትንሹን በጀርባዋ አዝላ፣ ፍየል ካገኘች ፍየል አልባ፣ ካጣች አጃ ቀቅላ አቆየችው። ስሙ ሌላ ነበር። እማማ ውዴ በዚያ ስም ሲጠሩት የእናቱ ድምፅ እየመጣባቸው አልቻሉም፤ ተረፈ ያሉት እሳቸው ናቸው።"

ቤዛ ያ በልጅነቷ ያለቀሰችበት ስም እጇ ላይ የከበደ መሰላት።

"ዘመዶቹ በሽታው ሲያልፍ ተመለሱ" አሉ እትዬ ምሕረት። "ቤቱን ተካፈሉ፣ ከብቱን ተካፈሉ። ስለ ልጁ 'ለጊዜው አንቺ ጋ ይቆይ' አሏት። ያ 'ለጊዜው' አንድ ዕድሜ ሆነ። አባባ ፊደል ሊቆጥሩ ሲገቡ የኔታ 'ተረፈ ማን?' ቢሏቸው፣ 'ተረፈ ውዴ' አሉ። 'የአባትህን ስም ነው የጠየቅሁህ' ሲሏቸው፣ 'እኔም የነገርኩዎት እሱን ነው' ብለው ድርቅ። አባትሽ ግን ትምህርት ቤት የገረድ ልጅ ልጅ እየተባለ ብዙ ተሰድቧል። አልፈርድበትም። ብቻ ድንጋይ ላይ ውሸት አይጻፍ ብዬ ነው የተጣላን።"

ቤዛ የበሩን አቅጣጫ አየች። "እትዬ፣ ያኔ እንደ ጌትየው ሐሳብ ሆኖ ውዴ ብትባረር ኖሮ..."

"ደጅ ትሞታለቻ። ሌላው ሲታመም ለአባባ ውሃ የሚያቀብል አይኖርም። እኔም፣ አባትሽም፣ አንቺም የለንም።"

"እመቤቲቱስ? ባያስታምሟት ኖሮ አይሞቱም ነበር?"

"እሱን ማን ያውቃል? እማማ ውዴ እስኪሞቱ ድረስ ያን ነበር የሚያሰላስሉት። 'እኔ ነኝ የገደልኳቸው' ይሉና፣ ቆይተው ደግሞ 'ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው' ይሉ ነበር። ሁለቱን ማስታረቅ ሳይችሉ ሄዱ።"

"ታዲያ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው?" አለች ቤዛ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበር።

"የምን ትምህርት አመጣሽብኝ? ታሪክ ጠየቅሽኝ፣ ታሪክ ነገርኩሽ" አሉ እትዬ ምሕረት። ቤዛ ስለ ከበቡሽ ትንፍሽ አላለችም ነበር። ጤናቸውን ጠይቃ፣ እንደምትደውል ቃል ገብታ ዘጋችው።

የተናደደችው እውነቱን ለመናገር በታሪኩ ነው። "ደግ ሁኚ፣ ምንም አትሆኚም" እንዲላት ፈልጋ ነበር፤ እሱ ግን አላላትም። በሩን የከፈቱት ሞተዋል። የተከፈተላት ደግሞ ባትኖር ኖሮ ይህን የሚጠይቅ ሰው አይኖርም ነበር። ከአንዷ ሴት ደሟን ወርሳለች፣ ከሌላዋ ስሟን፤ ሁለቱም ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ነው ያደረጉት። እንደ እሷ ፈርተው ይሆን? ፈርተው መሆን አለበት። ይህን ስታስብ ቅድመ አያቷ በመጽሐፍ ውስጥ ያሉ ሰው መሆናቸው ቀረና፣ ጓዳ ደጃፍ ላይ አጥሚት ይዘው ልግባ አልግባ እያሉ የቆሙ ሴት ሆነው ታዩዋት። የገባት ይኸው ብቻ ነው። ለመነሳት ግን በቃት።

በሩን ስትከፍት ደጁ ባዶ ነው። ውሃውም የለም፣ ከበቡሽም የለችም።

ቤዛ ሊፍቱን ሳትጠብቅ በደረጃው ወረደች። ሙቀቱ ፊቷን በጥፊ መታት። ወደ ሜትሮው ሮጠች፣ ተመለሰች፣ የተዘጉትን ካፌዎች በረንዳ ሁሉ አየች። በመጨረሻ ያገኘቻት መስታወት በተገጠመለት ቀዝቃዛው የአውቶቡስ መጠበቂያ ውስጥ ነው። ከበቡሽ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋለች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሳሏን ሰምተው ሙቀቱን መርጠው ውጪ ቆመዋል።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ሻርጃ ልሂድ ብዬ ነበር" አለች ከበቡሽ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ሻርጃ ማንን አውቃለሁ ብዬ ደግሞ ተቀመጥሁ። በሩ ሲዘጋ ገባኝ፤ ልጆቹን አላስጨንቅም።"

ቤዛ እንባዋ መጣ። "በሩን መዝጋቴ ነውር ነው። አልጋሽ እዚህ አይደል እንዴ? ያላ፣ ተነሺ፣ ቤትሽ ግቢ።"

ሊሊ ያንኑ ዕለት ሻንጣዋን ይዛ ሻርጃ ወንድሟ ማቲያስ ጋ ሄደች። ተኮሳትራ፣ ደኅና ሁኑ እንኳ ሳትል ወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ያላትን የትኩሳት መድኃኒት ሁሉ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ትታላቸው ነበር። ትዕግስት ቀረች። "የምሄድበት ስለሌለኝ ነው እንጂ ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ" አለች፤ ይህን እያለችም ገንፎ ታማስል ነበር።

በስልክ የጠየቁት ሐኪም የራሱ መታጠቢያ ባለው ክፍል ለብቻዋ ትተኛ ስላለ፣ ቤዛ ትልቁን ክፍሏን ለቀቀችና የከበቡሽን ሻንጣ ገፋ አድርጋ አልጋዋ ላይ ተኛች። ከበቡሽ ተመርምራ ውጤቱ ሲመጣ ኮሮና ይዟታል። ቤዛ ያን ጊዜ ለአለቃዋ ደውላ፣ ከታመመ ሰው ጋር ስለምኖር እሑድ መግባት አልችልም አለች። አለቃዋ ስለነገረችው አመሰገናት፤ የለይቶ ማቆያ ጊዜዋን ስትጨርስ ትደውል፣ ቦታው ግን እስከዚያ ይቆያል ብሎ ቃል ሊገባላት እንደማይችል ነገራት። ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። አልተጸጸተችም ማለት ውሸት ነው፤ ያን ሰዓት ተጸጽታለች።

ከበቡሽ ለጥቂት ቀን የተሻላት መሰለና ከዚያ ባሰባት። ትዕግስትና ቤዛ በየተራ ጭምብል አድርገው ምግቡን በሩ ሥር ያስቀምጣሉ፣ ትንፋሿ ካጠረ አምቡላንስ ሊጠሩ ስልኩን ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ተራው የቤዛ ሆኖ፣ ወንበር ስባ የተዘጋው በር ሥር ተቀምጣ ሳለ ከበቡሽ ከውስጥ ጠራቻት።

"ቤዛዬ፣ ትዕግስት ነገረችኝ። ሥራሽን በእኔ ነው ያጣሽው?"

"ገና አልታወቀም።"

"ለምን? እኔ ምንሽ ነኝ?"

ቤዛ እህቴ ነሽ ልትል ፈለገች፤ ያ ቃል ዱባይ ላይ ለሁሉም የሚባል ሆኖ ቀለለባት። ሌላ ቃል ስታጣ የምታውቀውን መናገር ጀመረች። ስለዚያ ኅዳር፣ ስለ ነጋዴው ቤት፣ ከመንዝ ስለመጣችው የቤት ሠራተኛ ልጅ፣ መጀመሪያ የታመመችው እሷ እንደሆነች፣ ጌትየው ከደጅ ትውጣ እንዳሉ፣ እመቤቲቱ እምቢ ብለው ጓዳ እንዳስተኟት ነገረቻት። ከበሩ ወዲያ ሳሉ እየመጣ ያቋርጣታል፤ ሲያልፍ ትቀጥላለች።

"ሞተች?" አለች ከበቡሽ።

ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ነበር። የጠየቀችው ስለ ውዴ አልነበረም።

"አልሞተችም። ዳነች። አርጅታ፣ የልጅ ልጅ አሳድጋ ነው የሞተችው። አያቴ በእሷ ስም ነው የተጠሩት።"

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ቤዛ እንቅልፍ ወሰዳት ብላ ልትነሳ ስትል ድምፅዋ እንደገና መጣ።

"ማዳሟስ?"

ቤዛ ይህን ጥያቄ አልጠበቀችውም። መዋሸት ትችል ነበር። አባቷ ለድንጋይ ዋሽተዋል፤ እሷ ለታመመ ሰው ብትዋሽ ማን ይፈርድባታል? ቅድመ አያቷን የቀበረችው ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችውን ነገር በአንዲት ቃል ማራገፍ ግን ነውር መሰላት።

"ማዳሟ ሞቱ፣ ከቡ። ከእሷ ይዟቸው ነው ይባላል።"

ውስጥ አልጋው ተንቋቋ። ያቺ ቀና ማለት አቅቷት የሰነበተች ሴት ተነስታ ተቀምጣ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ድምፅዋ ድንገት ጉልበት አገኘ።

"ታዲያ አንቺ ምን ቆርጦሽ እዚህ በር ሥር ተጎልተሻል? ያላ፣ ራቂ! ራቂ ብዬሻለሁ!"

ቤዛ ደንግጣ ብድግ አለች። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጡባት። ወንበሯን እየጎተተች ኮሪደሩ እስከሚያልቅበት ወሰደችውና ትዕዛዝ እንደተቀበለች ልጅ ተመልሳ ተቀመጠችበት።

ከበቡሽ ጆሮዋን ጥላ የወንበሩን ድምፅ ስትከተል ቆየች። ድምፁ ሲጠፋባት ጊዜ ፈራች።

"ሄድሽ እንዴ?" አለች።

"አልሄድኩም" አለች ቤዛ።